የጃፓን የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዢ በየት በኩል ገቡ?

ኦክቶበር 21 ቀን 2025 ሳናይ ታካይቺ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በአገሪቱ ታሪክ ያንን ወንበር የያዘች ሴት ከዚያ በፊት አልነበረችም። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 9 ቀን፣ ሌላ ምርጫ ተካሄደ። የሂሮሺማ ግዛት ሕዝብ ሚካ ዮኮታን አገረ ገዢ አድርጎ መረጠ። ሂሮሺማን ሴት ስትመራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ዜና ግን ከጃፓን ውጭ ልብ ያለው ሰው ብዙ አይመስለኝም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን የበለጠ የሳበኝ ሁለተኛው ዜና ነው። የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው በፓርላማ ነው። የፓርቲ አንጃዎች ሲደራደሩ፣ ሲካካዱና ሲታረቁ ቆይተው አንድ ሰው ያወጣሉ። አገረ ገዢን ግን ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ሴቶች በጃፓን ፖለቲካ የት እንደደረሱ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከቶኪዮ ይልቅ ግዛቶቹን ቢያይ ይሻለዋል።

ግዛቶቹ 47 ናቸው። አገረ ገዢዎች በሕዝብ ድምፅ መመረጥ የጀመሩት በ1947 ነው። ከዚያ ዓመት እስከ 2000 ድረስ በየአራት ዓመቱ ምርጫ ሲካሄድ ቆየ። ከ47ቱ በአንዱም ሴት አላሸነፈችም። ከ2000 እስከ 2025 መጨረሻ ደግሞ ያሸነፉት ስምንት ብቻ ናቸው። ስምንተኛዋ ዮኮታ ናቸው። የመጀመሪያዋ ፉሳዬ ኦታ ይባላሉ፤ የኦሳካ አገረ ገዢ ነበሩ። የሁለቱን የሥራ ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈ አይመስለውም። ሁለቱም ከማዕከላዊ መንግሥት ሚኒስቴር የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሁለቱም ቀድመው ምክትል አገረ ገዢ ሆነው ሠርተዋል። ሁለቱንም በሌላ ጊዜ የማይስማሙ ትልልቅ ፓርቲዎች በአንድነት ደግፈዋቸዋል።

ይህ እንዲያው መገጣጠም ብቻ አይደለም። ለማስረዳት ወደ ኦታ ታሪክ ልመለስ።

ኦታ የተወለዱት በ1951 ኩሬ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ከተማዋ የምትገኘው እዚያው ሂሮሺማ ግዛት ውስጥ ነው። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጠኑና በ1975 የዓለም አቀፍ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ተቀጠሩ። ያ ሚኒስቴር በዚያ ዘመን የጃፓን ኢኮኖሚ አንጎል ነው ይባል ነበር። የትኛው ኢንዱስትሪ ይደግ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚመክሩት የእሱ ሰዎች ናቸው። ለከፍተኛ ኃላፊነት ታስበው የሚቀጠሩት ወጣቶች ወንዶች ነበሩ ማለት ይቻላል። በሥራ ቅጥር የሴትና የወንድ እኩልነትን የሚደነግገው ሕግ የወጣው በ1985 ነው፤ ኦታ ከተቀጠሩ ከአሥር ዓመት በኋላ። እሳቸው ሕጉ ሳይኖር ገቡ ማለት ነው።

በ1997 ሚኒስቴሩ ወደ ኦካያማ ግዛት ምክትል አገረ ገዢ አድርጎ ላካቸው። ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ የሚሆነው ይህ አሠራር ነው። የቶኪዮ ሚኒስቴሮች መካከለኛና ከፍተኛ ባለሙያዎቻቸውን ለተወሰነ ዓመት ወደ ግዛቶች ይልካሉ። ግዛቱ ቶኪዮን የሚያውቅ ሰው ያገኛል። በጀት ሲለምን የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት የሚነግረው ሰው ማለት ነው። ሚኒስቴሩ በበኩሉ ግዛቱ ውስጥ ዓይንና ጆሮ ይኖረዋል። የተላከውም ሰው አስተዳደር ይማራል። አንዳንዱ ከዚያ አይመለስም፤ አገረ ገዢው ሲለቅ ለምርጫ ይቀርባል። ብዙ የጃፓን አገረ ገዢዎች በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ኦታ ግን ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ ሚኒስቴሩ ተመለሱ። ኦሳካ እስክትጠራቸው ድረስ።

ኦሳካ የጠራቻቸው በአንድ ወንድ ምክንያት ነው። ኖክ ዮኮያማ የታወቁ ኮሜዲያን ነበሩ። ኦሳካ ቀልድ የምትወድ ከተማ ናት፤ ኮሜዲያኖቿን ከፖለቲከኞቿ አብልጣ የምትወድ። በ1995 አገረ ገዢ አድርጋ መረጠቻቸው፣ በ1999 ደግማ በሰፊ ልዩነት መረጠቻቸው። በዚሁ በሁለተኛው ምርጫ ዘመቻ ላይ ዮኮያማ በቅስቀሳ መኪናው ውስጥ በአንዲት የ21 ዓመት ተማሪ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ፈጸሙ። ልጅቷ የምትሠራው ለእሳቸው ዘመቻ ነበር። መጀመሪያ ክሱን ውሸት ነው ብለው አጣጣሉት። ፍርድ ቤት ግን በዲሴምበር 1999 ለልጅቷ 11 ሚሊዮን የን እንዲከፍሉ ወሰነ። በዚያ ዘመን በጃፓን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ተሰምቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቁ። በኋላም በወንጀል ተፈርዶባቸዋል፤ ቅጣቱ በገደብ ነበር።

ፓርቲዎቹ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ድንገተኛ ምርጫ ለፌብሩዋሪ 2000 ተቆረጠ። ማን ይቅረብ? በትንኮሳ የወደቀን ሰው የምትተካ ሴት፣ ያውም አስተዳደር የምታውቅ፣ ያውም ከሚኒስቴር የመጣች። ስሌቱ ለማንም ግልጽ ነበር። ገዢው ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ በማዕከል ደረጃ፣ ተቃዋሚው ዴሞክራቲክ ፓርቲና ኮሜይቶ የሚባለው ፓርቲ አንድ ላይ ሆነው ኦታን አቀረቡ። የሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ የኦሳካ ቅርንጫፍ ግን ከቶኪዮ የተላከልንን አንቀበልም ብሎ ሌላ ሰው ደገፈ። ኮሚኒስቶቹም የራሳቸውን ዕጩ፣ አንድ ፕሮፌሰር አቀረቡ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን ኦታ አሸነፉ። 48 ዓመታቸው ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዢ ታሪክ ከታች ወደ ላይ የተደረገ የሴቶች ትግል ታሪክ አይደለም። በወንድ ቅሌት የተከፈተ ወንበር ነው። ላዩ ላይ የተቀመጡትም በወንዶች የተሠራውን የቢሮክራሲ መሰላል ከታች ጀምረው የወጡ ባለሙያ ናቸው። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። በ1975 ያንን መሰላል መጀመር ራሱ ቀላል አልነበረም። ግን የተከፈተው በር ምን ዓይነት እንደነበረ ካላወቅን ከዚያ በኋላ ለምን ብዙ ሴቶች እንዳልገቡ አይገባንም።

ሥልጣን ከያዙ ወር ሳይሞላቸው ያጋጠማቸው ነገር ግን በዓለም ዙሪያ አሳወቃቸው። ሱሞ፣ የጃፓኖች ባህላዊ ትግል።

በየዓመቱ በማርች ወር ታላቁ የሱሞ ውድድር በኦሳካ ይካሄዳል። በመጨረሻው ቀን፣ እሑድ፣ አገረ ገዢው ወደ መድረኩ ወጥቶ ለአሸናፊው የአገረ ገዢ ሽልማት ይሰጣል። ልማድ ነው። መድረኩ ዶህዮ ይባላል፤ ከሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ የሚሠራ ነው። ከውድድሩ በፊት በሥነ ሥርዓት ይባረካል፣ ሩዝና ጨው የመሳሰሉ ነገሮች መሐሉ ላይ ይቀበራሉ። የሱሞ ማኅበር ዶህዮውን ቅዱስ ቦታ ነው ይለዋል። ሴት አትረግጠውም።

ኦታ በማርች 2000 ሽልማቱን ራሴ ልስጥ አሉ። ማኅበሩ አይሆንም አለ። ውድድሩ የሚካሄድበት አዳራሽ የኦሳካ ግዛት ንብረት መሆኑን ልብ በሉ። በገዛ አዳራሻቸው ማለት ነው። ኦታ ነገሩን አላከረሩትም፤ ምክትላቸው ወንድ ስለሆኑ እሳቸውን ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን እንደገና ጠየቁ። በሚቀጥለውም። በሥልጣን በቆዩባቸው ስምንት ዓመታት ጥያቄው እንደ በዓል በየዓመቱ ይመጣ ነበር። መልሱም አልተለወጠም።

ባህል ነው የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የሃይማኖት ሥርዓት ያለበት ቦታ የራሱ ደንብ አለው፤ ይህን እኛም በደንብ እናውቀዋለን። ችግሩ ክርክሩ ራሱ ስንጥቅ አለው። ኒሆን ሾኪ የሚባለው ጥንታዊው የጃፓን ዜና መዋዕል ሱሞ የሚለውን ቃል የሚያነሳው በንጉሥ ዩርያኩ ቤተ መንግሥት ሴቶች ሲታገሉ ነው። በኤዶ ዘመንም (ከ1603 እስከ 1868) የሴቶች ሱሞ ለሕዝብ ይታይ ነበር። የዛሬው ጥብቅ ክልከላ መልኩን የያዘው ሱሞ ራሱን የብሔራዊ ክብር ምልክት አድርጎ ማቅረብ ሲጀምር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በዚያ ላይ ማኅበሩ የግል ቤተ መቅደስ አይደለም። የሕዝብ ጥቅም ድርጅት ተብሎ በመንግሥት የታወቀ፣ ከዚህም የሚጠቀም ተቋም ነው።

ኦታ የመጀመሪያዋ ጠያቂም አልነበሩም። ማዩሚ ሞሪያማ የሚባሉ ፖለቲከኛ በጃንዋሪ 1990 የካቢኔው ዋና ጸሐፊ ሆነው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ዋንጫ ሊሰጡ ሲሉ ተከልክለዋል። እኚሁ ሴትዮ በ1978 የሠራተኛ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሳሉ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ በልጆች ሱሞ ማጣሪያውን አልፋ ዋናው ውድድር ላይ እንዳትገባ ስትከለከል ማኅበሩን ጠርተው ጠይቀው ነበር። ከኦታ በኋላም በ2018 ማይዙሩ በምትባል ከተማ ከንቲባው ዶህዮ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሴቶች ሮጠው ወጥተው የልብ እርዳታ ሲሰጧቸው ዳኛው በድምፅ ማጉያ ሴቶች ከመድረኩ ይውረዱ እያለ ደጋገመ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይቅርታ ጠየቁ። ደንቡ ግን እንዳለ ነው።

ከኦታ በኋላ የመጡት የኦሳካ አገረ ገዢዎች ሁሉም ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ከኦሳካ በኩል ጥያቄውን የሚያነሳ አገረ ገዢ አልነበረም።

የሱሞው ወሬ ግን አንድ ጉዳት አደረሰ ባይ ነኝ። ኦታ ለስምንት ዓመት አንድ ትልቅ ግዛት መርተው በውጭ አገር የሚታወቁት ባልወጡበት መድረክ ነው። ሥራቸውስ?

ሥራቸው ከባድና ደስ የማይል ነበር። ኦሳካ በሰማንያዎቹ መጨረሻ የመሬት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ብዙ አቅዳ ነበር። በባሕር ላይ የተሠራው የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ በ1994 ተከፈተ። ከፊት ለፊቱ ሪንኩ ታውን የሚባል አዲስ ከተማ ተነጠፈ፣ 256 ሜትር የሚረዝም ሕንፃም ቆመ። የመሬት ዋጋው ፈረሰና ቦታው ባዶውን ቀረ። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው፣ ግዛቱ ድርሻ የነበረው ኩባንያ በ2005 ከሰረ። የኦሳካ ገቢ በኩባንያዎች ግብር ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ኩባንያ ሲያጣ ግዛቱም ያጣል። ኦታ የተረከቡት ካዝና ይህ ነው።

ወጪ ቀነሱ፣ ሠራተኛ ቀነሱ። ኩባንያ ለመሳብም ከፍተኛ ድጎማ አቀረቡ። ሻርፕ በ2007 ግዙፍ የቴሌቪዥን ስክሪን ፋብሪካውን በኦሳካዋ ሳካይ ከተማ እንደሚሠራ ሲያስታውቅ እንደ ትልቅ ድል ተቆጠረላቸው። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ነገሩ ይከፋል፤ ሻርፕ ራሱ በ2016 ለታይዋኑ ፎክስኮን ተሸጠ፣ የሳካይ ፋብሪካም በ2024 ስክሪን ማምረት አቆመ። ይህን ግን በ2007 ያየው ሰው አልነበረም።

በትክክል ሊወቀሱበት የሚገባ ነገር ሌላ ነው። የበጀት ጉድለቱን ለመሸፈን ግዛቱ ለዕዳ መክፈያ ብሎ ካስቀመጠው ፈንድ በየዓመቱ ይበደር ነበር። ሲደመር ከ500 ቢሊዮን የን በላይ ሆነ። ወረቀቱ ላይ ጉድለቱ ትንሽ ይመስላል፣ ዕዳው ግን ወደ ነገ ይገፋል። የሚኒስቴር ልጅ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ሕግ ሳይጥሱ ጊዜ መግዛት።

በ2004 ለሁለተኛ ዘመን ሲወዳደሩ ተቀናቃኛቸው የቀድሞ ታዋቂ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር። ሌላ ኮከብ! ኦሳካ በዚያ ጊዜ ኮከቡን አልፋ ባለሙያዋን መረጠች። ሦስተኛው ግን አልሆነም። በ2007 መገባደጃ ላይ በፖለቲካ ገንዘብ አያያዛቸው ላይ ዘገባዎች ወጡ። የዘመድ መኖሪያ የፖለቲካ ድርጅታቸው ጽሕፈት ቤት ተብሎ ተመዝግቦ ወጪ እንደተያዘበት ተጻፈ። ከግዛቱ ጋር የሥራ ግንኙነት ያላቸው ኩባንያዎች በሚገኙበት የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ተናግረው ዳጎስ ያለ ክፍያ መቀበላቸውም ተነሣ። የደገፏቸው ፓርቲዎች አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ። በዲሴምበር እንደማይወዳደሩ አስታወቁ።

የፓርቲዎች ሁሉ ዕጩ መሆን ጥቅሙም ጉዳቱም እዚህ ጋ ይታያል። ሁሉም ሲደግፍህ ያለ ትግል ትገባለህ። ሲተውህ ግን የሚቀርልህ የራስህ ሰው የለም። ጎዳና ወጥቶ የሚጮህልህ ማኅበር፣ በየቀበሌው የሚያውቅህ ደጋፊ አልገነባህም። ኦታ በዚያ ወር ይህን አዩት። በጃንዋሪ 2008 ኦሳካ የ38 ዓመቱን ጠበቃ ቶሩ ሃሺሞቶን መረጠች፤ እሱም ዝናውን ያገኘው በቴሌቪዥን ነው። ገና እንደገባ የፋይናንስ አስቸኳይ ጊዜ አወጀ፣ የፈንዱንም ብድር አስቆመ። ሃሺሞቶ ሥልጣን ላይ ሆኖ የራሱን ፓርቲ መሠረተ፤ ኦሳካ እስከ ዛሬ በዚያ እንቅስቃሴ እጅ ናት። ኦታ በ2013 በሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ በኩል የላይኛው ምክር ቤት ገቡ፣ በ2019 ከኦሳካ ተመረጡ፣ ዘመናቸውም በ2025 አበቃ።

ከኦታ በኋላና ከዮኮታ በፊት የመጡትን ስድስት ሴቶች ስናይ ሁለት መንገዶች ይለያሉ። አንደኛው የኦታ መንገድ ነው። ሃሩሚ ታካሃሺ በ1976 እዚያው የንግድ ሚኒስቴር ተቀጥረው በ2003 የሆካይዶ አገረ ገዢ ሆኑ፤ አራት ዘመን ቆዩ። በኩማሞቶ ዮሺኮ ሺዮታኒ ከማኅበራዊ አገልግሎት የመጡ ቢሆኑም ምክትል አገረ ገዢ ነበሩ፤ አለቃቸው በሥራ ላይ ሳሉ ሲሞቱ በኤፕሪል 2000 ተመረጡ።

ሁለተኛው ከውጭ የመጡት ናቸው። የቺባዋ አኪኮ ዶሞቶ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛና የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በ2001 በግል ተወዳድረው አሸነፉ። የሺጋዋ ዩኪኮ ካዳ የቢዋ ሐይቅን ሲያጠኑ የኖሩ የአካባቢ ተመራማሪ ናቸው። በ2006 ለፈጣን ባቡር አዲስ ጣቢያ መገንባት ገንዘብ ማባከን ነው ብለው ተነሡና በትልልቆቹ ፓርቲዎች የተደገፉትን አገረ ገዢ ጣሉ። በካይሮ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዩሪኮ ኮይኬ የገዛ ፓርቲያቸው ሌላ ሰው ሲያቀርብ እምቢ ብለው በ2016 ቶኪዮን ወሰዱ። የያማጋታዋ ሚዬኮ ዮሺሙራ ደግሞ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሕግ ሰነድ አዘጋጅነት ፈቃድ አውጥተው የሠሩ ሴት ናቸው። በ2009 በሥልጣን ላይ የነበረውን አገረ ገዢ አሸነፉ፤ በጃንዋሪ 2025 ለአምስተኛ ጊዜ ተመረጡ።

የውጭው መንገድ ፈጣን ነው፤ ግን ሕዝቡ በነባሩ ነገር እስኪሰለች ይጠብቃል። መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። የሚኒስቴሩ መንገድ የሚታወቅ ነው፤ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ይፈጃል። በ22 ዓመቷ ያልተቀጠረች ሴት በ48 ዓመቷ ዕጩ አትሆንም። በ1970ዎቹ የተቀጠሩት ጥቂት ስለነበሩ በ2000ዎቹ የተገኙት ኦታና ታካሃሺን የመሰሉ ጥቂቶች ናቸው። ባልዘሩት ማሳ አጨዳ የለም። ዮኮታ ወደ ግብርና ሚኒስቴር የገቡት ከ1985ቱ ሕግ በኋላ ነው። ስለዚህ የእሳቸው ድል ከታካይቺ ይልቅ ስለሚቀጥሉት ዓመታት ይናገራል እላለሁ፤ ከሕጉ በኋላ የተቀጠረው ትውልድ ምክትል አገረ ገዢ የሚሆንበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።

ደርሷል ማለት ግን ያልፋል ማለት አይደለም። በ2018 ፓርቲዎች የወንድና የሴት ዕጩዎችን ቁጥር በተቻለ መጠን እንዲያስተካክሉ የሚጠይቅ ሕግ ወጥቷል። ይጠይቃል እንጂ አይቀጣም። በኦክቶበር 2024 የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ከ465 መቀመጫ ሴቶች ያገኙት 73 ነው፤ ያውም እስከዚያ ጊዜ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ዮኮታ ከመመረጣቸው በፊት በነበረው ጊዜ ከ47ቱ ግዛቶች በሴት የሚመሩት ቶኪዮና ያማጋታ ብቻ ነበሩ።

ያማጋታ በሰሜን ያለች፣ በረዶ የሚበዛባት፣ በቼሪ ፍሬዋ የምትታወቅ የገበሬ አገር ናት። ለውጥ ከዚያ ይጀምራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይኖርም። በጃንዋሪ 2021 በተደረገው የአገረ ገዢ ምርጫ ግን ሁለት ዕጩዎች ብቻ ቀረቡ፤ ዮሺሙራና በሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ የተደገፉት የቀድሞ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሪካ ኦኡቺ። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። የትኛዋ ትሻላለች የሚለው ክርክር ስለ ኮሮና፣ ስለ መንገድና ስለ በጀት ሆነ። ዮሺሙራ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ።